አዞ ልጆችዋን ትበላለችን? ስለ እንስሳት መጋባትና ልጅ ማሳደግ በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር



የዛሬው ንግግሬ መነሻ ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ወደ ጨንቻ በሄድሁ ጊዜ የሰማሁት ክርክር ነው። ጨንቻ፣ ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት፣ ከአርባ ምንጭ በስተ ሰሜን 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጋሞ ተራሮች ላይ የተቆረቆረች፣ ከአርባ ምንጭም በፊት የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ የነበረች ናት። ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፣ ከታች ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች ዳር በሸሚዝ የተነሣ መንገደኛ እላይ ሲደርስ ጋቢ ይለምናል። እኔም ጋቢ ባበደሩኝ በአንድ ሽማግሌ ቤት፣ በቀርከሃ በተሠራው የዶርዜ ቤት ውስጥ እሳት ዳር ተቀምጬ አመሸሁ። ሽማግሌው በጎልማሳነታቸው ዘመን አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ተቀምጠው ሲሸምኑ ኖረዋልና አማርኛቸው ከእኔ ይልቅ የጠራ ነበር።

በዚያ ምሽት የተነሣው ነገር፣ ከመንደሩ ሰዎች አንዱ ሚስቱንና አራት ልጆቹን ጥሎ ከሄደ ስምንት ወር የሞላው መሆኑ ነው። ከእኛ ጋር ያመሸ አንድ ወጣት ጸሐፊ፣ በቀልድ ይሁን በእውነት አልለየሁትም፣ «ምን ታደርጉታላችሁ፤ ወንድ በተፈጥሮው እንዲህ ነው። አውራ ዶሮን አታዩምን? ከአሥር ሴት ዶሮ ጋር ይውላል፤ አንዲት ጫጩት ግን አያሳድግም» አለ። የትምህርት ቤቱ መምህርም ነገሩን ቀበል አድርጎ፣ «አንተ አውራ ዶሮን ለምስክርነት ከጠራህ እኔ ደግሞ ርግብን እጠራለሁ፤ ባልና ሚስቱ ሳይለያዩ እየተፈራረቁ ያሳድጋሉ» ሲል መለሰለት። ሽማግሌው ሁለቱንም ዝም ብለው ከሰሙ በኋላ፣ «እናንተ ስለ አባት ትከራከራላችሁ፤ እኔ ግን ጫሞ ዳር እናቲቱ አዞ ልጆችዋን ስትበላ በዓይኔ አይቻለሁ። ከእንስሳ ምን ይማሩታል?» አሉ።

እንዲህ ያለው ክርክር በየመሥሪያ ቤታችንም በሻይ ሰዓት የሚሰማ ነው። የሚከራከረው ሁሉ ለሐሳቡ የሚስማማውን እንስሳ ከዱር ጠርቶ ያመጣል፤ እንስሳው ግን መስቀለኛ ጥያቄ ሲቀርብለት አይታይም። ስለዚህ ዛሬ ሦስቱን ምስክሮች በየተራ እንጠይቃቸው።

በመጀመሪያ አውራ ዶሮ ይቅረብ። የዶሮ ዘር ከእስያ ጫካ የመጣ ነው፤ የዱር ዘመድዋም እስከ ዛሬ በዚያው ይኖራል። አውራው ከብዙ ሴቶች ጋር መዋሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ጥሬ ባገኘ ጊዜ ቁ፣ ቁ እያለ ሴቶቹን ጠርቶ እርሱ ሳይቀምስ የሚያበላ፣ ጭልፊትም ሲያንዣብብ ጮኾ የሚያስጠነቅቅ መሆኑን ጸሐፊው አልነገረንም። ጫጩት አለማሳደጉም ከስንፍና የመጣ አይደለም። የዶሮ ጫጩት ከዕንቁላል ስትወጣ ዓይንዋ የተከፈተ፣ ገላዋም በለስላሳ ጠጉር የተሸፈነ ነው፤ ጥቂት ሳትቆይ እየሮጠች ትለቅማለች። የምትሞቅበት ክንፍና የምትከተላት አንዲት እናት ከኖረቻት ይበቃታል።

የርግብ ጫጩት ግን ዓይንዋ የታወረ፣ ገላዋ ራቁት የሆነ፣ አንገትዋን እንኳ ቀና ለማድረግ የማትችል ሆና ትወለዳለች። ጥሬ ብትሰጥዋት አትውጠውም። ስለዚህ እናትና አባት ሁለቱም በጉሮሮአቸው ሥር ካለው የእህል ከረጢት ወተት የመሰለ ወፍራም ነገር እያመነጩ ያጎርሱአታል። ልብ በሉ፤ ይህን ወተት አባቱም ጭምር ያመነጫል። አንዱ ሲሄድ አንዱ ዕንቁላል ካልታቀፈ፣ ሁለቱም ካላጎረሱ፣ ጎጆው ባዶ ይቀራል። የርግብ ባልና ሚስት ተጣምሮ መኖር ከዚህ ችግር ጋር የተያያዘ ነው ማለት ነው።

የርግብ ነገር ለብዙዎቹ ወፎች ይሠራል። ዴቪድ ላክ የተባለው እንግሊዛዊ የአዕዋፍ ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከመቶ ዘጠና የሚበልጡት የወፍ ዐይነቶች አንድ ወንድ ከአንዲት ሴት ጋር ተጣምረው የሚያሳድጉ መሆናቸውን ገልጿል። በአጥቢዎች ዘንድ ግን ነገሩ ተገልብጦ፣ ተጣምረው የሚኖሩት ከመቶ አሥር አይሞሉም። ምክንያቱን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዕንቁላልን ወንዱም ሴቲቱም ሊታቀፉት ይችላሉ፤ ፅንስና ወተት ግን ከእናቲቱ ጋር ብቻ ናቸው። በአጥቢዎች ዘንድ ወንዱ ቢሄድም ሕፃኑ የሚጠባው ጡት አብሮት አይሄድም።

እዚህ ላይ መምህሩን የሚያሳዝን አንድ ነገር መጨመር ይገባኛል። ከ1980ዎቹ ዓመታት ወዲህ የዲ ኤን ኤ ምርመራ በተጀመረ ጊዜ ሊቃውንቱ የብዙ ወፎችን ጎጆ እየከፈቱ ቢመረምሩ፣ አባት ተብሎ ትል ሲያመላልስ የሚውለው ወፍ በአንዳንዱ ጎጆ ለአንዱ ጫጩት አባቱ ሳይሆን ተገኘ። ወፎች ሁሉ ከዳተኞች ናቸው ማለት አይደለም፤ ተጣምሮ መኖርና ታማኝነት አንድ ነገር አለመሆናቸው ግን ታወቀ።

ተጣምሮ መኖርና ልጅ ማሳደግም እንዲሁ አንድ ነገር አይደሉም። ለዚህ የአገራችን ሁለት እንስሳት ያስረዱናል። በአባያና በጫሞ መካከል፣ ከእግዜር ድልድይ ወዲያ ማዶ፣ በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ቁጥቋጦ ውስጥ እንሹ የምትባል ከፍየል ግልገል ብዙ የማትበልጥ ቀጭን የዱር እንስሳ አለች። ወንድና ሴት እንሹ ሁልጊዜ ሁለት ሆነው ይታያሉ፤ ወንዱ የክልላቸውን ወሰን በፋንድያና ከዓይኑ ሥር ካለው ዕጢ በሚወጣ ጥቁር ፈሳሽ ምልክት ያደርግበታል፤ ከሚስቱም አይርቅም። ሰው ሲያያቸው ለሠርግ ስብከት የተዘጋጁ ይመስሉታል። ነገር ግን ያ ታማኝ ባል ግልገሉን አያበላም፣ አይሸከምም፣ ከቀበሮም ጋር ተጋጥሞ አያድነውም። እንደ ሊቃውንቱ አስተያየት ከሚስቱ የማይለየው ሌላ ወንድ እንዳይቀርባት ለመጠበቅ ነው።

ወደ ባሌ ተራሮች የሄድን እንደ ሆነ ደግሞ የዚህን ተቃራኒ እናገኛለን። ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የማይገኘው፣ ዛሬም ቁጥሩ ከአምስት መቶ ያነሰው ቀይ ቀበሮ በመንጋ ይኖራል። በመንጋው ውስጥ እንደ ሕጉ የምትወልደው አንዲት አለቃ ሴት ናት፤ ሌሎቹ አባሎች ግን ወንዱም ሴቱም አይጥ እያደኑ በሆዳቸው ይዘው መጥተው ለግልገሎቹ ያስታውኩላቸዋል፤ ጉድጓዱን ይጠብቃሉ፤ አንዳንዲቱ ሴትም ያልወለደችውን ታጠባለች። እንግዲህ ይህ መንጋ ምን ያህል ቢተማመን ነው ያሰኛል። ሆኖም በባሌ የተመራመሩ ሊቃውንት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 እንዳስታወቁት፣ አብዛኛው የሴቶቹ ግንኙነት ከጎረቤት መንጋ ወንዶች ጋር የሚፈጸም ሆኖ ተገኝቷል። እንሹ ታማኝነት አለው፣ ማሳደግ የለውም፤ ቀይ ቀበሮ ማሳደግ አለው፣ ታማኝነት የለውም። ከሁለቱ የትኛውን ለጸሐፊው፣ የትኛውን ለመምህሩ እንስጥ?

በማግሥቱ እሑድ ስለ ነበረ ከመምህሩ ጋር ወደ ጫሞ ወረድን። ዓላማችን የሽማግሌውን ምስክር፣ አዞን፣ ከቦታው ማየት ነው። ከሐይቁ ሳንደርስ ግን በአርባ ምንጭ ምንጮች አጠገብ ያለው ደን አቆየን። በዚያ ደን፣ በሾላው አናት ላይ፣ በምንቃሩ ላይ ቀንድ የመሰለ ትልቅ ጉብታ ያለው ጥቁርና ነጭ ወፍ እየጮኸ ይበራል። የዚህ ወፍ ሚስት ዕንቁላል መጣል ባሰበች ጊዜ በትልቅ ዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ትገባና ባልዋ በሚያመጣላት ጭቃ በሩን ከውስጥ ትመርገዋለች። የምትተወው ምንቃር የሚያሳልፍ ስንጥቅ ብቻ ነው። ከመቶ ቀን በላይ እርስዋም ጫጩትዋም የሚኖሩት ባልየው በጉሮሮው ይዞ እየመጣ አንድ በአንድ በሚያቀብላቸው ፍሬ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ይህን ወንድ በወንጭፍ ወይም በጥይት ቢጥለው፣ አንድ ወፍ ገደልሁ ብሎ ይሄዳል፤ የተመረገው በር ግን እዚያው ዛፍ ላይ ይቀራል። ያ ደን ደግሞ ለከተማው ማገዶ ሲሸከሙለት የኖረ ደን ነው፤ ጎጆ የሚሆን ቀዳዳ ያለውም ያረጀው ዛፍ ነው።

ከሐይቁ ዳር በውሃው ላይ በተንሳፈፉት ቅጠሎች መካከል፣ ጣቶቹ እጅግ የረዘሙ ቡናማ ወፍ እየተራመደ ዐየን። ጀልባ ነጂው፣ «ይህ በውሃ ላይ የሚሄደው ነው» ብሎ አለፈ። እኔ ግን ጸሐፊው አብሮን ባለመምጣቱ አዘንሁ። በዚህ ወፍ ወገን ሴቲቱ ከወንዱ ትበልጣለች፤ ክልልዋን ከሌሎች ሴቶች ጋር ተጋድላ ትይዛለች፤ በክልልዋም ውስጥ ብዙ ባሎች ይኖሩአታል። ለአንዱ አራት ዕንቁላል ጥላ ወደ ሌላው ትሄዳለች። የሚታቀፈውም የሚያሳድገውም ወንዱ ብቻ ነው፤ አደጋ ሲመጣ ጫጩቶቹን በክንፎቹ ሥር ሸጉጦ ሲሮጥ፣ ረጃጅም እግሮቻቸው ከብብቱ ተንጠልጥለው ይታያሉ። ጎጆው በውሃ ላይ ስለ ሆነ ማዕበልና አውሬ ብዙ ጊዜ ያጠፋዋል፤ ሴቲቱም ከማሳደግ ነፃ በመሆንዋ የጠፋውን ፈጥና በሌላ ዕንቁላል ትተካለች።

ዳርዊን በ1871 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ ወንዶች ለምን እንደሚዋጉና ሴቶች ለምን እንደሚመርጡ ብዙ ጽፏል። ከመቶ ዓመት በኋላ በ1972 ሮበርት ትሪቨርስ የተባለው አሜሪካዊ ነገሩን አጠበቀው፤ ዋናው ነገር ወንድ ወይም ሴት መሆን ሳይሆን፣ ለልጅ የሚበልጠውን ድካም የሚያወጣው ማን ነው የሚለው ነው አለ። ብዙ የሚደክመው ወገን መርጦ ይጋባል፤ ጥቂት የሚደክመው ወገን ደግሞ ለማግባት ይጣላል። ያ በቅጠል ላይ የሚሄድ ወፍ የትሪቨርስን ሐሳብ ተገልብጦ እንኳ ያጸናለታል።

አሁን ወደ አዞዋ እንምጣ። በጫሞ ሰሜናዊ ዳር የአዞ ገበያ በሚባለው ቦታ ታላላቅ አዞዎች አፋቸውን ከፍተው ፀሐይ ሲሞቁ ይታያሉ። ጀልባችን ስትቀርብ አንድ በአንድ እየተንሸራተቱ ወደ ውሃው ገቡ። አንዲት ግን ከአሸዋው ከፍ ካለው ዳር ላይ ተኝታ አልተነቃነቀችም። ጀልባ ነጂው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እርስዋ ዕንቁላል አላት፤ አንቀርባትም» አለና ቀዘፋውን አዞረ።

አዞ በበጋ ከውሃው ራቅ ባለ አሸዋ ላይ ጉድጓድ ቆፍራ፣ አምሳ ያህል ዕንቁላል ጥላ ትደፍነዋለች። አትታቀፈውም፤ የሚያሞቀው ፀሐይ ነው። የሚያስደንቀውም፣ ልጁ ወንድ ወይም ሴት እንዲሆን የሚወስነው የጉድጓዱ ሙቀት መሆኑ ነው፤ ሙቀቱ ከ31 ተኩል እስከ 34 ተኩል ዲግሪ ገደማ ሲሆን የሚበዙት ወንዶች ናቸው፤ ከዚያ ሲያንስም ሲበልጥም ሴቶች ይሆናሉ። ሦስት ወር ያህል እናቲቱ ምግብ እምብዛም ሳትቀምስ ከአጠገቡ አትርቅም። ዞር ባለች ጊዜ አርጃኖ መጥቶ ይቆፍራል፤ ዝንጀሮና ጅብም ይከተላሉ። ሂው ኮት የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ በኡጋንዳ ባደረገው ምርመራ ሰው እናቲቱን ከጎጆዋ በሚያባርርበት ጊዜ የጎጆው ዘራፊ አርጃኖ መሆኑን ጽፏል። የጀልባ ነጂያችን ቀዘፋውን ማዞር ከመጽሐፍ ያልተማረው ዕውቀት ነው።

ዝናቡ ሊጀምር ሲል ግልገሎቹ ገና ዕንቁላሉ ውስጥ ሳሉ ይጮኻሉ። እናቲቱ ድምፃቸውን ሰምታ የጠነከረውን አሸዋ ትቆፍራለች፤ ያለ እርስዋ ብዙዎቹ ከዚያ ሊወጡ አይችሉም። ከዚያም የጎሽ አጥንት በሚሰብረው መንጋጋዋ ስንዝር ተኩል የማይሞሉትን ግልገሎች አንድ በአንድ አንሥታ፣ ምላስዋን እንደ ከረጢት አስርጉዳ፣ አፍዋን ሞልታ ወደ ውሃ ትወስዳቸዋለች። ያልተፈለፈለ ዕንቁላል ቢኖር በምላስዋና በላንቃዋ መካከል ቀስ አድርጋ ታንከባልለውና ልጣጩን ትሰነጥቀዋለች። ይህን በደቡብ አፍሪካ ከቅርብ ሆኖ የተመለከተው ቶኒ ፑሊ የተባለ የዱር አራዊት ጠባቂ ሲሆን፣ ከካርል ጋንስ ጋር ሆኖ በ1976 ለዓለም አስነበበው። ከዚያ በፊት ግን በአባይም በሌላውም ወንዝ ዳር ግልገል በአፍዋ ይዛ የታየች አዞ ሁሉ ልጆችዋን በላች ትባል ነበር። ሽማግሌው ያዩት እውነት ነው፤ አፍዋ ውስጥ ገብተዋል። የወጡበትን ግን አላዩም።

በዚያው ዕለት ይህን ነገር በሌላ መልክ ዐየሁት። ወደ ዳር ስንወጣ አንድ ዓሣ አጥማጅ ከመረቡ ቆሮሶ ሲፈታ አገኘነው። ከዓሦቹ አንዲቱን በጨበጣት ጊዜ ከአፍዋ ቢጫ እንክብሎች እንደ ማሽላ ፍሬ ዝርግፍ ብለው አሸዋው ላይ ወደቁ። አጥማጁ፣ «ሆዳም ናት፤ የሌላ ዓሣ ዕንቁላል ስትበላ ተያዘች» ብሎ ሳቀ። ነገሩ ግን የአዞዋ ታሪክ ነው። ወንዱ ቆሮሶ ጥልቀት በሌለው ውሃ ወለል ላይ እንደ ሳሕን ያለ ጉድጓድ ቆፍሮ ብዙ ሴቶችን በተራ ይጠራል፤ የእርሱ ድካም በዚህ ያበቃል። ሴቲቱ የጣለችውን በመቶዎች የሚቆጠር ዕንቁላል ወዲያው በአፍዋ ለቅማ ትሄዳለች። በአፍዋ ውስጥ ይፈለፈላል፤ ጥቃቅኖቹም መዋኘት ከጀመሩ በኋላ አደጋ ሲመጣ ተመልሰው ወደ አፍዋ ይገባሉ። ይህ ሁሉ ሁለት ሳምንት ያህል ሲፈጅ እናቲቱ ከረሃብ ጋር ትኖራለች።

በዚያው ሐይቅ ውስጥ የሚኖረው ትልቁ ነጭ ዓሣ፣ የናይል ፐርች የሚባለው፣ ከዚህ ፈጽሞ ይለያል። ሴቲቱ በሚሊዮን የሚቆጠር ዕንቁላል ወደ ውሃው ለቅቃ ትሄዳለች፤ የሚጠብቅ እናት የለ፣ አባት የለ። ከሚሊዮኑ ጥቂቱ ከዳነ ዘሩ አይጠፋም። ስለዚህ ሁለቱን ዓሦች በአንድ ሚዛን መቍጠር ስሕተት ነው። ነጭ ዓሣ ዕንቁላልዋን ከጣለች በኋላ ብትያዝ የጣለችው በውሃው ውስጥ ቀርቷል፤ ቆሮሶ ግን በማሳደጊያዋ ወራት ከዳር ከተያዘች የያዘችው ሁሉ አሸዋ ላይ ይፈስሳል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 በወረቀት ላይ አለ፤ ወረቀቱን የምንጽፈውና የምንመራው እኛ ጸሐፊዎችና ሹማምት ነን። ዓሣ በዳር በሚራባበት ወራት መረብ ከዳር እንዲርቅ ማድረግ ለምን እንደሚያስፈልግ ግን ያ አጥማጅ ከማንም አልሰማም ነበር። መምህሩ አንዱን እንክብል በመዳፉ ይዞ በውስጡ ያለውን ጥቁር የዓይን ነጥብ ባሳየው ጊዜ፣ አጥማጁ መሳቁን ትቶ ብዙ ጊዜ ተመለከተው። የቀሩትን በእጁ አፍሶ ወደ ውሃው መለሳቸው። ጥቅም እንደሌለው ልንነግረው አልደፈርንም።

ማታ ወደ ሽማግሌው ቤት ተመልሰን ያየነውን ሁሉ ነገርናቸው። የአዞዋን ነገር ሲሰሙ እጃቸውን በአፋቸው ላይ ጭነው ቆዩና፣ «ታዲያ አባቱሳ ልጄ?» ሲሉ ጠየቁኝ። «አባቴ፣ በእርባታ ቦታ ተይዘው በሚኖሩት ዘንድ አባቱም አንዳንድ ጊዜ ዕንቁላል ሲሰነጥቅ ታይቷል። በዱር ግን የምትጠብቀው እናቲቱ ናት» አልኋቸው።

ጸሐፊው ይህን ሲሰማ፣ «እንግዲህ ፍርዱ ለማን ነው? ለእኔ ነው ወይስ ለመምህሩ?» አለ። ሽማግሌው ወደ እሳቱ እንጨት ገፋ አድርገው፣ «ለማናችሁም አይደለም። አራቱ ልጆች የአዞም የርግብም አይደሉም፤ የእርሱ ናቸው። አባቱን አውቀዋለሁ፣ ጎረቤቴ ነበር። ያለበት አገር ተገኝቷልና መልእክት ልከንበታል፤ ረቡዕ ዱቡሻ ይቀመጣል» አሉ። ዱቡሻ ማለት የጋሞ ሽማግሌዎች በአደባባዩ ሣር ላይ ተቀምጠው ነገር የሚሰሙበት፣ የተጣላ የሚያስታርቁበት ሸንጎ ነው።

ረቡዕ ማለዳ አውቶቡሴ በዚያ ሣር አጠገብ ሲያልፍ ጭጋጉ ገና አልተገለጠም ነበር። ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች በክብ ተቀምጠዋል፤ ከዳር አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ ቆማለች፤ ሦስት ልጆች በአጠገብዋ ነበሩ። ሰውየው መምጣት አለመምጣቱን በጭጋጉ ምክንያት ለማየት አልቻልሁም።